ማርከሻው ከሌለ መርፌው ይቅር

በእጅ ስልክ የሚነሳ ፎቶ አገጭን ያሳጥራል። ይህ ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። በአሜሪካ ዳላስ ከተማ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን የሕክምና ማዕከል ሐኪሞች 30 ፈቃደኞችን በስልክም፣ ራቅ ብሎ በቆመ ደንበኛ ካሜራም አንስተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አሳትመዋል። ስልኩ ከፊት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲርቅ አፍንጫ በ6.4 በመቶ ረዝሞ፣ አገጭ በ12 በመቶ አጥሮ ታየ። ለካሜራው የቀረበው ይገዝፋል፣ ፈንጠር ያለው ይኮሰምናል፤ ክንድን ዘርግቶ ራስን ሲያነሱ የሚሆነው ይኸው ነው። እንግዲህ ደሴ ሰኞ ገበያ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጣ በስልኳ የራሷን መልክ የምታይ ወጣት «አገጭ የለኝም እኮ» ብትል፣ የጎደለው ከፊቷ ላይሆን ይችላል። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርብላት ግን ስልኩን ራቅ አድርጎ መያዝ አይደለም፤ በመርፌ ከቆዳዋ ሥር የሚገባ ነገር ነው።

ፊለር ይባላል። ያለ ቀዶ ሕክምና አገጭን ያስረዝማል፣ ያሾላል፣ ወደፊት ያመጣል ተብሎ በቲክቶክና በኢንስታግራም ይተዋወቃል። ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩት የሚላክ ፎቶም ይዞት ይመጣል። ወሎ ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር ከሚሸኙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ቤይሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ባንክ ለውበት ቀዶ ሕክምና ብድር እሰጣለሁ ብሎ ያስተዋወቀባት ከተማ ናት። እዚያ በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች እህት ያየችውን ብትመኝ የሚያስወቅሳት ነገር የለም። የእኔ ክርክር ከመመኘቷ ጋር አይደለም። ፊለር ቀድሞ ከነበሩት የፊት መሙያዎች የሚበልጥበት ዋናው ነገር፣ ቢበላሽ ሟሙቶ ሊጠፋ መቻሉ ነው። ይህ ብልጫ የሚሠራው ግን ማርከሻ መድኃኒቱና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሐኪም እዚያው መርፌው በሚወጋበት ክፍል ሲገኙ ብቻ ነው። ሁለቱ በሌሉበት፣ ወጊዋ የቱንም ያህል እጀ መልካም ብትሆን፣ መርፌው ቢቀር ይሻላል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የፊለር ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም አብዛኛው ሰው የሚወጋው ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚባል ነገር የተሠራውን ነው። «አሲድ» የሚለው ስም ያስደነግጣል እንጂ ይህ ነገር በሁላችንም ቆዳ፣ መገጣጠሚያና ዓይን ውስጥ አለ፤ ውኃ ይዞ ስለሚያቆይ ቆዳን ያረጥባል፣ መገጣጠሚያን ያለሰልሳል። ካርል ሜየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1934 በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለይተው ያወጡት ከከብት ዓይን ነበር። እንዳለ ቢወጋ ሰውነት በአጭር ጊዜ አፍርሶ ስለሚጨርሰው ፋብሪካዎች ሰንሰለቶቹን በኬሚካል እርስ በርስ አያይዘው ጠንከር ያለ ጄል ያደርጉታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የዚህን ዓይነት ጄል ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ሲሆን፣ እሱም ከአፍንጫ ወደ አፍ ዳር የሚወርደውን መስመር ለመሙላት ነበር። በተለይ ለአገጭ ተብሎ የተፈቀደ ጄል የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2020 ነው። ሐኪሙ ከአንድ እስከ ጥቂት ሚሊ ሊትር የሚሆን ጄል አብዛኛውን ጊዜ ከአገጭ አጥንት በላይ ጠለቅ አድርጎ ያስቀምጣል። ብዙዎቹ ጄሎች ማደንዘዣ የተቀላቀለባቸው ስለሆኑ ሕመሙ አይከብድም፤ ሥራው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ እብጠቱና መበለዙ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ መልኩም ለአንድ ዓመት ገደማ ይቆያል። ደህና ከተሠራ ውጤቱ እውነተኛ ነው። ከጎን ሲታይ የፊትን ሚዛን የሚይዘው አገጭ ስለሆነ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደፊት ሲመጣ አፍንጫው ሳይነካ ያነሰ ይመስላል፣ አንገቱም ይለያል። ይህን አለመቀበል ለእውነት አይበጅም።

በአገራችን ቀድሞ የሚነሳው ተቃውሞ የሕክምና አይደለም። «ፈጣሪ የሰጠውን መልክ መነካካት ምን ይሉታል?» የሚል ነው። ጥያቄው ክብደት አለው። በወሎ ቄሱም ሼኹም የሚሉት ይኖራቸዋል፤ በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ጉድለትን ማስተካከልና ለጌጥ ብሎ ፍጥረትን መለወጥ ተለይተው ሲታዩ ኖረዋል። ፍርዱን ለእነሱ እተዋለሁ። ሆኖም ለውበት ተብሎ አገጭ ላይ መርፌ ማሳረፍ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚለውን አልቀበልም። በወሎ፣ በጎንደር፣ በጎጃምና በትግራይ አንገታቸውን፣ አገጫቸውንና ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ዛሬም በየቤቱ አሉ። በእሾህ ወይም በመርፌ ቆዳን እየወጉ ጥላሸት ማስገባት ለዘመናት የቁንጅና ሥራ ነበር። የጤና ባለሙያዎች ንቅሳትን ከጎጂ ልማዶች ጋር መቁጠር የጀመሩት ጌጡን ጠልተው አልነበረም፤ አንዱ መርፌ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲዛወር የጉበት ቫይረስንና ኤችአይቪን ሊያሻግር ስለሚችል ነው። ያን ጊዜም ጭንቀቱ ስለ መርፌው ንጽሕናና ስለ ወጊው ዕውቀት ነበር፤ ዛሬም እንዲያው ነው።

መልክን ማሰብ ከንቱነት ነው ለሚልም ከደሴ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ቦሩ ሜዳ በቂ መልስ ይሰጣል። ቦሩ ሜዳ በታሪክ የሚታወቀው በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ባስጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ በሕክምና ደግሞ በሥጋ ደዌና በቆዳ በሽታ ሆስፒታሉ። ከሩቅ ገጠር ወደዚያ የሚመጡት ብዙዎች ቁንጭር የያዛቸው ናቸው። ቁንጭርን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በሽኮኮ ውስጥ እየኖረ በትንሽ የአሸዋ ዝንብ አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ቁስሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ፊት ላይ፣ ጉንጭ፣ አፍንጫና ከንፈር ላይ ነው። ሰው አይገድልም። ግን ጠባሳው ልጅን ከትምህርት ቤት፣ ኮረዳን ከትዳር፣ ጎልማሳን ከሰው መሀል ያርቃል። ፊት የሰው ልጅ ከሰው ጋር የሚገናኝበት ነው፤ ስለ ፊቱ የሚጨነቅን ሰው መናቅ ቦሩ ሜዳ ደጃፍ ወረፋ የያዙትንም መናቅ ነው። ስለ አገጯ የምትጨነቀው ወጣት ሕመም ከእነሱ ያንሳል፤ ቀላል ነው ብሎ ማባረር ግን ወደ ባሰ እጅ ይገፋታል።

የባሰ እጅ ምን እንደሆነ ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል። የቪየናው ሐኪም ሮበርት ጌርሱኒ እ.ኤ.አ. በ1899 የተጣራ ቫዝሊን በመርፌ ከቆዳ ሥር በማስገባት የጎደለን መሙላት እንደሚቻል አሳየ፤ ፓራፊን የሚባለው ሰም ተከትሎ መጣ። ለጥቂት ዓመታት ተአምር መስሎ ነበር። ቀጥሎ ሰሙ ከቦታው እየተንሸራተተ፣ እያበጠና እየጠጠረ ፊትን አበላሸ። በዘመኑ በቁንጅናዋ የታወቀችው አሜሪካዊቷ ግላዲስ ዲከን፣ በኋላ የእንግሊዙ የማርልቦሮ መስፍን ሚስት የሆነችው፣ በ20ዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ የአፍንጫዋን መስመር ለማስተካከል ሰም አስወግታ ሰሙ ወደ አገጯ ወረደ። ማውጫ አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ1977 እስክትሞት አብሯት ኖረ። ከፓራፊን በኋላ ፈሳሽ ሲልከን መጣ፤ እሱም ከሥጋ ጋር ተዋህዶ በመቅረቱ ያንኑ ጥፋት ደገመው። ሰኞ ገበያ የተገዛ ጫማ ቢጠብ በሚቀጥለው ሰኞ ይዘውት ይመለሳሉ፤ ሰምና ሲልከን ግን ተመላሽ አልነበራቸውም። የሃያሉሮኒክ አሲድ ጄል ይህን ቀየረ። ሃያሉሮኒዳዝ የሚባል ኢንዛይም በላዩ ሲወጋበት ጄሉ ይፈርሳል፣ ይሟሟል። ዓለም ፊለርን በድፍረት የተቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ኢንዛይሙ በሌለበት ክፍል የሚወጋ ጄል፣ አደጋ በመጣበት ሰዓት፣ ከጌርሱኒ ሰም በምን ይሻላል?

አደጋው ምን ዓይነት ነው? እብጠት፣ መበለዝ፣ የአንዱ ጎን መብለጥ፣ ማመርቀዝ ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነዚህ ጊዜ ይሰጣሉ። ጊዜ የማይሰጠው ጄሉ የደም ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ነው። አገጭ ጠንካራ አጥንት ስለሆነ ምንም የማይነካው ይመስላል፤ ዳሩ ግን በመንጋጋ ሥር የሚያልፈው የፊት ደም ቅዳ ቅርንጫፉን ወደ አገጭ ይልካል፣ ሌላ ደም ቅዳም ከታችኞቹ ጥርሶች ሥር ካለች የአጥንት ቀዳዳ ብቅ ይላል። እነዚህ ቧንቧዎች ከከንፈርና ከምላስ ቧንቧዎች ጋር ይገናኛሉ። አገጭ ላይ ፊለር ተወግተው ምላሳቸው ደም ተቋርጦበት የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የጥናት ግምገማ ደግሞ በፊት ላይ በተወጋ ፊለር ዓይናቸው የተጎዳ 98 ሰዎችን ሰብስቦ አሳይቷል፤ አብዛኞቹ የተወጉት በቅንድቦች መካከልና አፍንጫ ላይ ነበር። አገጭ ለዓይን ከእነዚያ ይሻላል፤ ለቆዳውና ለከንፈሩ ግን አይሻልም። ቧንቧው ሲዘጋ ቆዳው መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ እንደ መረብ ይዥጎረጎራል፣ ይጠቁራል፣ ይሞታል። ሐኪሙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሃያሉሮኒዳዝን በብዛትና በተደጋጋሚ ከወጋ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ፤ ነገር ግን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የጠቆረ አገጭ የነገን በረራ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። የመጀመሪያው ምልክት፣ መንጣቱና መዥጎርጎሩ፣ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ደብዝዞ ነው የሚታየው። የዓለም የሕክምና መጻሕፍት ፎቶዎች በብዛት የነጭ ቆዳ ናቸው፤ በእነሱ ብቻ የተማረ ዓይን በወሎ ልጅ ፊት ላይ የመጀመሪያውን ሰዓት ሊያሳልፈው ይችላል። ልምድ ያለው ሐኪም በቀለሙ ብቻ አይመራም፤ ቆዳውን በጣቱ ተጭኖ ሲለቅ ደሙ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመለስ ያያል፣ ሕመሙ ከልክ ያለፈ መሆኑን ይጠይቃል። ይህ በሦስት ቀን ሥልጠና የሚገኝ ዕውቀት አይደለም።

«ሚሊዮኖች ተወግተው ምን ሆኑ? ይህ ሁሉ ማስፈራሪያ ነው» የሚል ሰው አለ። ቁጥሩ በእጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 370 የቆዳ ሐኪሞች የወጉትን 1.7 ሚሊዮን ሲሪንጅ ቆጥሮ፣ በመርፌ ሲወጋ ከ6,410 ሲሪንጅ አንዱ፣ ጫፉ ደንዳና በሆነው ካኑላ ሲወጋ ከ40,882 አንዱ ብቻ ቧንቧ እንደዘጋ አግኝቷል። እውነትም ጥቂት ነው። ነገር ግን ቁጥሩን የሰጡን እነማን እንደሆኑ ልብ ይሏል፦ ለዓመታት ቆዳን ያጠኑ፣ ማርከሻውን መሳቢያቸው ውስጥ የያዙ ሐኪሞች ናቸው። በመርፌና በካኑላ መካከል ያለው ልዩነትም የሚናገረው ነገር አለ፤ የመሣሪያው ምርጫ ብቻ አደጋውን ከስድስት እጥፍ በላይ ከቀየረው፣ የእጁና የዕውቀቱ ልዩነት ምን ያህል ይቀይረው? የውበት ሳሎን ውስጥ የሚወጋ ሰው የእነዚያን ሐኪሞች ቁጥር የራሱ አድርጎ ሊጠቅስ አይችልም። ያለ መርፌ በግፊት ጄሉን ያስገባል የሚባለውንና «ሃያሉሮን ፔን» እየተባለ የሚሸጠውን መሣሪያ በተመለከተ ደግሞ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 እንዳይጠቀሙበት ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

ዕቃው ራሱ እውነተኛ መሆኑስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚዘዋወሩ የሕክምና ውጤቶች ከአሥሩ አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። የታወቁት ጄሎች ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ እንዳይቆዩ ማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል፤ ከበረሃ አገር በሻንጣ መጥቶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሲሪንጅ ያንን ሙቀት ስለማለፉ ማን ይመሰክራል? ከሃያሉሮኒዳዝ ዓይነቶችም ማቀዝቀዣ የሚሹ ብዙ ናቸው፤ መብራት ሲቆራረጥ ማርከሻውም ይደክማል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትን፣ የሕክምና መሣሪያንና የውበት መጠበቂያን በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል። ችግሩ ያለው ሕክምና የሆነ ነገር በውበት ስም ሲገባ ነው፤ ይህን በቅባት አይተነዋል። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የቆዳ ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዛቸው ጠንካራ መድኃኒቶች ነበሩ። «ፊት ያቀላል» ተብለው ከሎሽን ጋር ከተደረደሩ በኋላ ግን ቆዳቸው የሳሳ፣ ደም ሥራቸው የወጣ፣ ብጉር የወረራቸው ሴቶች የቆዳ ክሊኒኮችን አጨናነቁ። ፊለርም በዚያው መንገድ እንዳይሄድ እሰጋለሁ። ሀብታም አገሮችም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2013 በብሩስ ኪዮ የተመራው የእንግሊዝ መንግሥት ግምገማ፣ ፊለር የሚወጋ ሰው ያለው የሕግ ጥበቃ እስክሪብቶ ወይም የጥርስ ብሩሽ ከሚገዛ ሰው እንደማይበልጥ ገልጾ ነበር። በእንግሊዝ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለውበት ብሎ ፊለር መውጋት የተከለከለው ግን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ነው፤ ስምንት ዓመት ፈጅቷል።

«ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሳሎን ሠራተኞችን እንጀራ መቁረጥ ነው» ለሚሉም መልስ ይገባቸዋል። ፀጉር፣ ጥፍር፣ ሜካፕ፣ ሂና የተከበረ ሙያ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ማንም ሊነካው አይገባም። የመርፌው ሥራ ግን ሲሳካ ጥቂት ገንዘብ፣ ሳይሳካ ደግሞ የወጊዋን ስም፣ ነፃነትና ደንበኛ ሁሉ ይወስዳል። ከዚህ የሚጠብቃት ክልከላ ለእሷም ጥቅም ነው። በሌላ በኩል «አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት ስለ አገጭ ታወራላችሁ» የሚለው ወቀሳ ይመጣል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የደሴ ሆስፒታል የደረሰበትን ዘረፋና ውድመት ላየ ሰው ይህ ወቀሳ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ደህና ያልተሠራ ፊለር መጨረሻው እዚያው ሆስፒታል ነው፤ የቆሰለው አገጭ ሲመጣ የሚያክመው ያው ቁንጭርን የሚያክመው ጥቂት የቆዳ ሐኪም ነው። ከብዙ ሕመምተኞች የሚወሰደውን ሰዓት ማዳን የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን አገጩ ለምን አነሰ የሚለው መመርመር አለበት። የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ጥርሶቹ ላይገጥሙ፣ ሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ጄል ከፊት ሲቀመጥለት መልኩ ይስተካከላል፣ ሕመሙ ግን ይሸፈናል። በልጅነቱ መንጋጋው የተመታ፣ ወይም ያልታከመ የጆሮ ማመርቀዝ ወደ መንጋጋ መገጣጠሚያው የዘለቀበት ልጅ አፉ አልከፈት ሊለውና አገጩ ሳያድግ ሊቀር ይችላል። ለእሱ የሚበጀው የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ነው። አገጭ ላይ ደጋግሞ የተወጋ ጄል ከሥሩ ያለውን አጥንት በጥቂቱ እንደሚያሳሳ ያሳዩ የራጅ ጥናቶችም አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የጥርስና የመንጋጋ ሐኪም፣ ቀጥሎ የቆዳ ሐኪም ማየት ያዋጣል።

ይህን ሁሉ አልፋ ለመወጋት የቆረጠች ሴት ደግሞ መብቷ ነው፤ ጥያቄዋን ግን አጥብቃ ትጠይቅ። ሐኪሙ የሙያ ፈቃዱን ያሳያት። ሃያሉሮኒዳዙን ብልቃጡን አውጥቶ፣ የሚያበቃበትን ቀን አስነብቦ ያሳያት፤ «አለን» ማለት አይበቃም። ሲሪንጁ ዓይኗ እያየ ይከፈት። ማታ ሕመም ቢጠና፣ ቆዳው ቢነጣ ወይም ቢዥጎረጎር፣ ምላስ ወይም ከንፈር ቢደነዝዝ፣ ዓይን ቢደበዝዝ የሚመልስላት ስልክ ይኑራት፤ በዚያው ሰዓት ትመለስ እንጂ በረዶ ይዛ አትደር። ከማሸጊያው ላይ የሚነሳውን የጄሉን ስምና ቁጥር የያዘ ወረቀትም ተቀብላ ታስቀምጥ። ሃያሉሮኒዳዝ ሃያሉሮኒክ አሲድን እንጂ ሲልከንን ወይም ከካልሲየም የተሠራውን ፊለር አያሟሟም፤ ሌላ ሆስፒታል በድንገት ብትደርስ የሚቀበላት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃት የተወጋችው ምን እንደሆነ ነው።